ፍሬን እምቢ አይልም

የመኪና አደጋ ዜና የሚከታተል ሰው ይህችን አጭር ዓረፍተ ነገር ያውቃታል፤ «ፍሬን እምቢ አለኝ።» ሹፌሩ ከተረፈ ለትራፊክ ፖሊሱ የሚሰጣት ቃል ናት። ካልተረፈ ደግሞ ሌሎች ይሉለታል፤ «ፍሬን እምቢ ብሎት ነው።»

ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ነገሩ ይገርማል። እምቢ ለማለት ፈቃድ ያስፈልጋል። ልጅ እምቢ ይላል፣ በቅሎ እምቢ ትላለች። ሸራ፣ ዘይትና ብረት ግን በምን አፋቸው? እንዲያም ሆኖ ዓረፍተ ነገሯን ስንሰማ ማናችንም አንስቅም። ሰውየው አዘዘ፣ ፍሬኑ አመፀ፣ መኪናው ገደል ገባ። ብረት አይከሰስም፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ለመኪና ቅጽል ስም ስናወጣም እንደዚያው ነን። አይሱዙውን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራኩን «ቀይ ሽብር» ብለን ሰይመን፣ መሪው ላይ ያለውን ሰውና ሰውየውን የሚያስቸኩለውን ሰው ሳንሰይም እናልፋለን። እኔ የምተዳደረው ኮድ በመጻፍ ስለሆነ የዚህችን ዓረፍተ ነገር እህት በየቀኑ እሰማታለሁ። «ሲስተም የለም» ትባላለች። ሲስተሙ የት ሄደ? ማን ሠራው? ማን ሳይጠግነው አደረ? አይታወቅም። ብቻ የለም።

ጥያቄዬ ይሄ ነው፤ ፍሬን የማን ነው? መልሱን ለመፈለግ ሁለት በጣም የተራራቁ ቁልቁለቶችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ አለብኝ። አንዱ ሐረጎ ነው። ሌላው ሰው ገንዘብ ከፍሎ፣ ተሰልፎ፣ እየሳቀ የሚወርደው ሮለር ኮስተር።

ከሐረጎ ልጀምር። እኔ የኩታበር ልጅ ነኝ። ከኩታበር ተነስቶ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ቦሩ ሜዳን አልፎ ደሴ ይገባል፤ መናኸሪያው ውስጥ መኪና ይቀይርና ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ሐረጎ ያ ቁልቁለት ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ አሜሪካ ኒው ጀርሲ የነበረውና ለብዙ ዓመታት ከዓለም ሮለር ኮስተሮች ሁሉ ረጅሙ ሆኖ የቆየው ኪንግዳ ካ ቁመቱ 139 ሜትር ነበር። አራት ኪንግዳ ካ ብትደራርቡ ሐረጎን አይሞላም።

ኢንጂነሪንግ የተማረ ሰው እንዲህ ያለ ቁጥር ሲያይ እጁን ይበላዋልና አስልቼዋለሁ። ከነጭነቱ 40 ቶን የሚመዝን ተሳቢ 600 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ወይ ፍጥነት ይሆናል ወይ ሙቀት ይሆናል፤ ሌላ የትም አይሄድም። በጁል 235 ሚሊዮን ይመጣል። ቁጥሩ ምንም ካልነገራችሁ እንዲህ አስቡት፤ ሦስት በርሜል ተኩል ቀዝቃዛ ውሃ የሚያፈላ እሳት ነው። (ደሴ ላይ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች እንደሚፈላ አውቃለሁ፤ እሱን ለፊዚክስ መምህራን እንተወው።) ሹፌሩ ቁልቁለቱን በእግር ፍሬን ብቻ ከወረደው ያ ሁሉ እሳት የሚያርፈው ጎማዎቹ ውስጥ በተደበቁ ጥቂት ብረቶችና ሸራዎች ላይ ነው። ከጎማው ጋር የሚሽከረከረው የብረት ከበሮ ሲግል ይሰፋና ከሸራው ይርቃል። ሸራው ራሱ ሲግል መያዝ ይተዋል፤ ያ የሚታወቀው የተቃጠለ ሽታ ይመጣል። ፍሬኑ በዘይት የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ዘይቱ ይፈላል፣ ውስጡ አረፋ ይሞላል፣ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። እግር እስከ ወለሉ ይወርዳል፤ መኪናው ግን መንገዱን ይቀጥላል።

ስለዚህ ፍሬኑ «እምቢ» ከማለቱ በፊት ሃያ ጊዜ፣ ሠላሳ ጊዜ እሺ ብሏል። በየመታጠፊያው እሺ እያለ የጋለው እሱ ነው። አቅሙ ያለቀው ከታች ቢሆንም ነገሩ የተበላሸው ከላይ ነው፤ ሹፌሩ ከባድ ማርሽ ሳያስገባ ቁልቁለቱን የጀመረ ጊዜ። ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ የሚለውን ሕግ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሁሉ ተምሮታል። ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል፣ ፍሬኑ እየተነፈሰ ይወርዳል። ችግሩ እንዲህ ሲወረድ ጊዜ መፍጀቱ ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

የባሰው ደግሞ «ፍሪ» ነው። ናፍጣ ለመቆጠብ ማርሹን አውጥቶ መኪናውን በገዛ ክብደቱ መልቀቅ። እንደዚያ ሲሆን ሞተሩ ከጨዋታ ወጥቷል። ሮለር ኮስተር በደንብ የገባኝ ስለ ፍሪ ሳስብ ነው። ሮለር ኮስተር እኮ፣ የተለመደው ዓይነት፣ ከጫፍ እስከ መጨረሻ በፍሪ የሚወርድ ተሽከርካሪ ነው። ሰንሰለት ዳገቱን ያወጣዋል፣ ጫፉ ላይ ይለቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ሥራው የምድር ስበት ነው። ሞተር የለው፣ መሪ የለው፣ ሹፌር የለው። ባቡሩ ላይ ፍሬን እንኳን የለም። ሹፌር ቢያደርገው መንጃ ፈቃዱን የሚነጠቅበትን ነገር እዚያ ትኬት ቆርጠን እናደርገዋለን።

ከሁለት ዓመት በፊት ለሥራ ዱባይ ሄጄ ከባልደረቦቼ ጋር አንዱ ላይ ወጥቻለሁ። ከሁሉ የማልረሳው ዳገቱን ስንወጣ ከሥራችን የሚሰማውን ድምፅ ነው፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። አጠገቤ የነበረው ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ «ይሄን ድምፅ አስቁሙልኝ» ይላል። ያ ድምፅ ምን እንደሆነ የገባኝ ኋላ ሳነብ ነው። ሰንሰለቱ ቢበጠስ ባቡሩ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ጥርስ በጥርስ እየያዘ የሚሄደው ብረት ነው። ልጁ አስቁሙልኝ ያለው ይጠብቀው የነበረውን ነገር ነበር።

ፍሬኖቹ ያሉት ሐዲዱ ላይ ነው። ብዙ ዓይነት ቢሆኑም ሁለቱን በሰውነታችሁ ትለዩዋቸዋላችሁ። የመጀመሪያው መንጋጋ ነው። ከባቡሩ ሆድ የተንጠለጠለውን ብረት ግራና ቀኝ ይነክሰዋል። ሲነክስ ታውቁታላችሁ፤ ደረታችሁ ከፊት ያለውን ብረት ይመታል፣ አንገታችሁ ይወረወራል፣ ጨዋታው መሃሉ ላይ እንደተቋረጠ ወሬ ይቆማል። ሁለተኛው ማግኔት ነው። በረድፍ በተተከሉ ማግኔቶች መሃል የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ቅጠል ሲያልፍ ብረቱ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠርና እንቅስቃሴውን መልሶ ይቃወማል። ፈጥነህ ከመጣህ አጥብቆ ይይዝሃል፤ ቀስ ስትል እሱም ይለሰልሳል። ምንም አይነካህም። ባቡሩ ማር ውስጥ የገባ ይመስል ፍጥነቱ ዝም ብሎ ይሰምጣል። ብቻውን ጨርሶ አያቆምም፤ የቆመን ነገር የሚቃወምበት ኃይል የለውምና መጨረሻ ላይ ሌላ ፍሬን ይጠይቃል። መብራት ሲጠፋ ግን አይጠፋም፤ ይህን የሐበሻ ልጅ ሳያደንቅ አያልፍም።

መንጋጋውም ቢሆን የራሱ ብልሃት አለው። በብዙዎቹ ላይ መንጋጋውን የሚዘጋው መካኒኮቻችን ሞላ የሚሉት ጠመዝማዛ ብረት ነው፤ የሚከፍተው የታመቀ አየር። አየሩ ቢያመልጥ፣ ኮምፒውተሩ ቢሞት፣ ኦፕሬተሩ ራሱን ስቶ ቢወድቅ ሞላው ይዘጋዋል። ጉልበት የሚያስፈልገው ለመልቀቅ ነው። ለመያዝ ምንም አያስፈልግም። ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። ዌስቲንግሃውስ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1872 ለባቡር የሠራው የአየር ፍሬን ቧንቧው ሲበጠስ ራሱን የሚይዝ ነበር፤ የዛሬ ከባድ መኪኖችም አየር ሲያልቅባቸው ሞላ ይይዛቸዋል። ብቻ ሞላ አየር ላለቀበት እንጂ ለጋለ ከበሮ መድኃኒት አይሆንም። የሐረጎ ጣጣ ደግሞ ሙቀት ነው።

አንድ ነገር ልብ አልኩ። ቁልቁለቱ ላይ የሳቀ ሰው አልነበረም፤ ሁላችንም እየጮህን ነበር። ሳቁ የመጣው ፍሬኑ ላይ ነው። ባቡሩ ቀስ ሲል አንዱ ጀመረ፣ ሁሉም ተከተለ፣ የማይተዋወቁ ሰዎች ፊት ለፊት እየተያዩ ሳቁ። አሁን ሐረጎን አስቡ። ከደሴ ስንነሳ አንዷ እናት «ቢስሚላህ» ይላሉ፣ ከኋላ ያሉት አባት ያማትባሉ፤ ኮምቦልቻ ሲደረስ «አልሐምዱሊላህ»፣ «ተመስገን» ይባላል። ደስታ አይደለም፤ እፎይታ ነው። አጥንቱ፣ ደሙ፣ ሆዱ ያው አንድ ሰው ነው። ለምንድነው አንዱ ቁልቁለት ላይ ፍርሃቴ ወደ ሳቅ የሚቀየረው፣ ሌላው ላይ ወደ ጸሎት?

የመጀመሪያው መልስ «ሮለር ኮስተር አደጋው ትንሽ ስለሆነ» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ግን አጭር ነው፤ ለምን ትንሽ ሆነ የሚለውን አይነካም። ሁለተኛው መልስ «ፈቅደህ ስለወጣህ» ይላል። የአባዱላውንም ትኬት ፈቅጄ ነው የቆረጥኩት። (ሌላ መንገድ ነበረኝ ወይ? ይሄ የራሱ ጽሑፍ ይወጣዋል።) ትክክለኛው ጥያቄ የመጣልኝ ከጋሼ ነው።

ጋሼ የእናቴ ወንድም ናቸው። ከሃያ ዓመት በላይ መሪ ላይ ኖረዋል፤ መጀመሪያ የጭነት መኪና፣ አሁን ቅጥቅጥ። ከዱባይ ስመለስ ስለ ሮለር ኮስተሩ ስነግራቸው ቡናቸውን ይዘው በጥሞና አዳመጡኝ።

«እና ሹፌር የለውም?»

«የለውም ጋሼ።»

«ፍሬኑን ማን ይይዘዋል?»

«ራሱ ነው የሚይዘው። ሞላ አለው።»

«ታዲያ ማንን አምነህ ወጣህ?»

«ሞላውን» ስላቸው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። «አንተ ልጅ! ሞላ አደራ ያውቃል?»

አደራ የሚለው ቃል ከገባ ወዲያ ነገሩ የመካኒክ ነገር መሆኑ ይቀራል። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል። የአደራ ጥብቅነቱ የሚመጣው ተቀባዩን መቆጣጠር ከማይቻልበት ቦታ ነው። ልጁን ለጎረቤት ሰጥቶ አገር ያቋረጠ ሰው በየሰዓቱ ስልክ አይደውልም፤ የሚተማመነው በጎረቤቱ ሰውነት ነው። ተሳፋሪም እንደዚያው ነው። ጀርባውን ለሹፌሩ ሰጥቶ ይተኛል። ጋሼ እንደሚሉት ይህንን የሚሸከም ብረት የለም። አንድ ሕፃን ከኋላ ሲያለቅስ ሰምቶ እግሩን የሚያነሳ ሰው እንጂ ሞላ አይደለም።

ልክ ናቸው፤ ግን ግማሹን ነው። አደራ ትልቅ ነገር የሆነውን ያህል ደካማ የሚሆንበት ቦታም አለ፤ ተቀባዩ በየደቂቃው ደህና ሰው እንዲሆን ይጠይቃል። ሐረጎ ላይ ስልሳ መታጠፊያ ካለ ሹፌሩ ስልሳ ጊዜ ደህና ሰው መሆን አለበት፤ ሌሊት ሳይተኛ መጥቶ፣ ጫት አቆይቶት፣ ባለንብረቱ በስልክ እየጮኸበት። ሞላው በርግጥ አደራ አያውቅም። መንጋጋው ተዘግቶ እንዲያድር የወሰነው ሰው ግን ያውቃል። ያ ሰው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ የሌላውን ድካም፣ የሌላውን ግድየለሽነት፣ የራሱንም ስህተት አስቀድሞ አስቦ «ማንም ደህና ሰው ባይሆን እንኳ ይህ ባቡር ይቆማል» ብሏል። ይህ አደራ ካልሆነ ምን እንደሚባል አላውቅም። የተሰጠው ግን ከአደጋው በፊት ነው፤ ማንም ሳይቸኩል።

ጋሼ ደስ የሚላቸው ሮለር ኮስተርም አለ። ኮፐንሃገን ቲቮሊ የሚባል መናፈሻ ውስጥ ከ1914 ጀምሮ የሚሠራ የእንጨት ሮለር ኮስተር አለ፤ ሜልቦርን ሉና ፓርክ ያለው ደግሞ የ1912 ነው። ሁለቱም ላይ እስከ ዛሬ ባቡሩ ላይ ፍሬን የሚይዝ ሰው አለ። ሜልቦርን ላይ መሃል ቆሞ ነው የሚሄደው። አስቡት፤ ከመቶ ዓመት በላይ ሰው በሰው ክንድ ተማምኖ ሲጮህና ሲስቅ። ስለዚህ ልዩነቱ የሰውና የማሽን አይደለም። እዚያም ሰው ነው፣ እዚህም ሰው ነው። የሜልቦርኑ ሰው ግን ፍሬን ስለያዘ መናኸሪያ ላይ ተራው አያልፍበትም። ቀስ ስላለ የቀን ምልልሱ ከአራት ወደ ሦስት አይወርድም። ያች የሚይዝባት ሰከንድ የመናፈሻው ናት፤ ከኪሱ አትቆረጥም።

የሰው ክንድ ፍሬን ስለሆነበት ዘመን የኛም አገር የሚያወራው አለው፤ እንዲያውም ከቤቴ ሩቅ አይደለም። ከኩታበር ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ አገሩ ወደ በሸሎ ሸለቆ ይወርዳል፤ መቅደላም ያለው በዚያው አቅጣጫ ነው። በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር መቅደላ ያወጡት የጂዳንና የበሸሎን ገደሎች አሻግረው ነው። ጋፋት ላይ የተሠራው መድፍ ክብደቱ ሰባት ቶን አካባቢ ነበር። ትምህርት ቤት ስንማረው ሁልጊዜ የሚነገረን ስለ መጎተቱ ነው፤ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው፣ ጠፍር፣ ዳገት። እኔን የሚያሳስበኝ ቁልቁለቱ ነው። ሰባት ቶን ዳገት ላይ ቢያቅት ባለበት ይቆማል። ቁልቁለት ላይ ካመለጠ ግን ከፊት ያለውን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። በሸሎን ለመውረድ ከሚጎትት ሰው ይልቅ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል።

እና ስንት ጊዜ ፈጀ? በጥቅምት ግድም የተነሳው መድፍ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ነው። ግማሽ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው። ያውም የእንግሊዝ ጦር ከባሕር ዳርቻ ተነስቶ እየመጣ፣ ንጉሡም እየሰሙ። ከቴዎድሮስ በላይ የሚቸኩል ሰው በዚያ ዓመት ኢትዮጵያ ውስጥ አልነበረም። ትዕግሥተኛ የሚባሉ ሰውም አልነበሩም። ቢሆንም ገደሉ ላይ የሚከፈለው ተከፍሏል፤ መንገድ እየተቆረጠ፣ ድንጋይ እየተፈለጠ። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ ነው፤ አምሳያው አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። በዚያ አደባባይ ባለፍኩ ቁጥር አፈሙዙን ትቼ የማየው ጎማዎቹን ነው።

እንግዲህ ወደ ሒሳቡ ልመለስ። መንገዱ ሁሉ ቁልቁለት ነው ብለን እናቅልለው። 25 ኪሎ ሜትር በሰዓት 50 ብትወርደው ግማሽ ሰዓት ነው። በከባድ ማርሽ በ25 ብትወርደው አንድ ሰዓት። የሚወጣው ሙቀት በድምሩ ያው ነው፤ ነገር ግን ብዙውን ሞተሩ ይወስደዋል፣ የቀረውም ነፋስ የሚወስድበት እጥፍ ጊዜ ያገኛል። ማለትም የሐረጎ ፍሬን ዋጋው ግማሽ ሰዓት ነው። ሸራ መቀየር፣ ዘይት መቀየር ሌላ ነው፤ ያለ ግማሽ ሰዓቱ እነሱም አያድኑም። ጥያቄው ይሄን ግማሽ ሰዓት ማን ይክፈል የሚል ነው። ሮለር ኮስተሩ ላይ አስቀድሞ ተከፍሏል፤ በሞላ፣ በማግኔት፣ ባቡሩን ባዶ እያስኬዱ በመፈተሽ። ሐረጎ ላይ ግን ሒሳቡ ሳይከፈል ከላይ ይጀመራል፤ መጥቶ የሚያርፈው ሹፌሩ እግር ላይ ነው።

ተሳፋሪስ? እኛ ምስኪኖች ነን ብሎ ማለፍ ደስ ይላል። ጋሼ በሁለተኛ ማርሽ ሲወርዱ ግን ከኋላ የሚሰማውን ብትሰሙት። «ኤሊ ነው እንዴ የተሳፈርነው?» «ጋሼ፣ ንዱት እንጂ! ሠርግ አለብን እኮ!» ከመነሻው ቢስሚላህ ያለው፣ ያማተበው ራሱ ነው እንዲህ የሚለው። የሮለር ኮስተር አፍቃሪዎችም ከዚህ አይሻሉም። እንደ ኳስ ደጋፊ የሚከራከሩ፣ ከወንበራቸው ብድግ ያሉባትን ሰከንድ የሚቆጥሩ ሰዎች ናቸው። መሃል ቁልቁለት ላይ ባቡሩን ትንሽ ለመቀነስ ማግኔት ሲገጠም «ጨዋታውን ገደሉት» ይላሉ። እንደ ስሜት እረዳቸዋለሁ። ግን የሚገጠመው ማግኔት የሐዲዱንና የጎማውን ዕድሜ፣ የተሳፋሪውንም አንገት እያሰበ ነው። ጩኸታቸው ምንም አይለውጥም። የቅጥቅጡ ተሳፋሪ ጩኸት ግን ይለውጣል፤ ሹፌሩ ጆሮ አለውና።

ማሽኑን አስበልጬ እንዳትይዙኝ አንድ ታሪክ ልጨምር። እንግሊዝ አልተን ታወርስ መናፈሻ ውስጥ ስማይለር የሚባል ሮለር ኮስተር አለ። እንደ ሌሎቹ ሁሉ ሐዲዱ በክፍል በክፍል የተከፋፈለ ነው፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ከአንድ ባቡር በላይ አይገባም። ፊት ያለው ካልወጣ ኮምፒውተሩ የኋላውን ይይዘዋል። ጁን 2 ቀን 2015 አንድ ባዶ የሙከራ ባቡር መሃል መንገድ ላይ ቆሞ ቀረ። ኮምፒውተሩ የኋላውን ባቡር ከነሰዎቹ ያዘ። ሥራውን ሠራ፤ ልክ ነበር። ሠራተኞቹ ግን የቆመውን ባቡር አላዩትምና ኮምፒውተሩ የተሳሳተ መሰላቸው። መያዣውን በእጅ አልፈው ባቡሩን ለቀቁት። 16 ሰው ተጎዳ፤ ሁለት ወጣት ሴቶች እግራቸው ተቆረጠ። ባለቤቱ ኩባንያ በቀጣዩ ዓመት አምስት ሚሊዮን ፓውንድ ተቀጣ።

ይህን ታሪክ ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ እነግራለሁ። ሶፍትዌር የሚጽፍ ሰው ያውቀዋል፤ እያንዳንዱ መያዣ ጓዳው ውስጥ አንድ ማለፊያ በር አለው። ያ በር የሚሠራው በቅን ልቦና ነው፤ «አንዳንዴ ሊያስፈልግ ይችላል» ተብሎ። በሩ ፊት የሚቆመው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰልፉ የረዘመበትና የተናደደ ሰው ነው። እዚያች ቦታ ላይ የጋሼ ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል። ሞላው አደራውን ተሸክሞ ቆይቶ ቁልፉን ለያዘው ሰው ያስረክበዋል። ስለዚህ የኔ አቋም «ሰውን በማሽን ተካ» አይደለም። መልቀቅ ከባድ፣ መያዝ ቀላል ይሁን ነው። አገራችን ላይ የተገጠመው በተገላቢጦሽ ነው፤ መልቀቅ ነፃ ነው፣ የሚያስከፍለው መያዝ ነው።

ለምን እንዲህ እንደምነዘንዝ ልንገራችሁ። አሁን የምሠራበት ቦታ ለጭነት መኪናዎች አፕ እንሠራለን። መኪናው የት እንዳለ፣ መቼ እንደሚደርስ ለባለ ጭነቱ ያሳያል። በቅርቡ አዲስ ነገር እንድንጨምር ተጠየቀ፤ ሹፌሮች በሰዓታቸው መድረሳቸው ነጥብ ይሰጠው፣ የዘገየ ስሙ በቀይ ይውጣ፣ ነጥቡ ዝቅ ያለ ጭነት ሲደለደል ወደ ኋላ ይቀመጥ። ሐሳቡ ከክፋት የመጣ አይደለም፤ ባለ ጭነቱ ተሰቃይቷል። ግን አፑ የጉዞ ሰዓት የሚገምተው ርቀትን በአማካይ ፍጥነት አካፍሎ ነው፤ ዳገትና ቁልቁለት አያውቅም። በዚያ ስሌት ሐረጎን በሁለተኛ ማርሽ የወረደ ሹፌር ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ በቀይ ይወጣል። በፍሪ የወረደው አረንጓዴ ነው። እኔ አዲስ አበባ፣ ሞቅ ያለ ቢሮ ውስጥ፣ ሦስት መስመር ኮድ ጽፌ ደሴ ያለውን የሰውዬ እግር ከፍሬኑ ላይ ላነሳው እችላለሁ ማለት ነው። መኪናው ቢገለበጥ ሹፌሩ «ፍሬን እምቢ አለኝ» ይላል። ስለ ኮዱ የሚያነሳ አይኖርም፤ ሹፌሩም መኖሩን አያውቅ።

ያቀረብኩት ነገር ቀላል ነው። ካርታው ላይ ከባድ ቁልቁለቶችን ምልክት እናድርግባቸው፤ ሐረጎ፣ ጣርማ በር፣ የዓባይ በረሃ። መኪናው እዚያ ክፍል ውስጥ ሲገባ ሰዓቱ ይቆማል። ሲወጣ ይቀጥላል። በፍጥነት የወረደ ምንም አያተርፍም፤ ቀስ ያለም ምንም አይከስርም። ተቃውሞ አልጠፋም። «ባለ ጭነቱ ሰዓቱ ያው ሄዷል እኮ» አለኝ አንዱ፤ ልክ ነው፤ ያ ግማሽ ሰዓት አይጠፋም፣ ከፋዩ ነው የሚቀየረው። «ሹፌሮች እዚያ ቆመው ሻይ ቢጠጡስ?» አለኝ ሌላው። ይጠጡ። ፍሬን የሚበርደው ሲቆሙ ነው። ውሳኔው ገና አልመጣም።

ለማሳያ የሐረጎን ክፍል ካርታው ላይ ልሳል ስል ጋሼ ጋ ደወልኩ። ከየት ልጀምር ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አንተስ ከየት ጀመርክ?»

«ቁልቁለቱ ከሚጀምርበት ነዋ።»

«አይሆንም። ቁልቁለቱ ላይ ከደረስክማ ማርሹ አይገባልህም። ገና ሜዳው ላይ፣ ከተማው ውስጥ እያለህ ነው ማስገባት ያለብህ። ወደ ኋላ መልሰው።»

መስመሩን ወደ ኋላ ሳብኩት። የደረስኩበትን መታጠፊያ ነገርኳቸው።

«ትንሽ ጨምር» አሉኝ።